የሚጮኸው ምድጃና አራት ስንዝር ብረት

የላምባ ምድጃ ለኩሰው ሳለ፣ ወይም ረጅም የጭስ ማውጫ ካለው ምድጃ አጠገብ ቆመው ሳለ፣ እሳቱ ማንም ሳይነካው ድንገት መጮኽ ጀምሮብዎት ያውቃል? የእንጨት መንጣጣት ወይም የነበልባል መንቦግቦግ ማለቴ አይደለም። አንድ ወጥ የሆነ፣ ከሆድ የሚወጣ የሚመስል፣ ዝም ሲሉት እየጎላ የሚሄድና መደርደሪያ ላይ ያለውን ብርጭቆ የሚያንቃጭል ድምፅ ነው የምልዎት። ገጥሞዎት ከሆነ ምናልባት የነፋስ ነገር ነው ብለው አልፈውት ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እንደዚያው ነበር። ያን በማለቴ አንድ ሽማግሌ ሊታሰሩብኝ ጥቂት ነበር የቀረው።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቢቸና ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ክረምት ሲገባ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሞጣ ተመደብኩና አንድ ዳቦ ጋጋሪ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተሰጠችኝ። ጋጋሪው ስድሳን የተሻገሩ፣ አባትና አያታቸው እዚያው ሞጣ ሲነግዱ የኖሩ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ። ባለቤታቸውን እትዬ እላቸው ነበር። እትዬ ሊጡን አቡክተው ሲጨርሱ እጃቸውን ተለቃልቀው ሰሌዳዬ ፊት ይቀመጣሉ፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ ፊደሉን ቀድመው የለዩት እሳቸው ናቸው።

የጋሼ ምድጃ በሸክላ ጡብ የተሠራ ነው። እንጨት ስላስቸገራቸው ከመኪና የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይት ከናፍጣ ጋር ይቀላቅሉና፣ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ በጋለ የብረት ሰሃን ላይ እንዲነድ ያደርጉታል። ዘዴው የራሳቸው ነው። ዳቦው ለከተማው ሰውና ከከተማው ዳር ለሚሠለጥኑት ሚሊሺያዎች ይደርሳል። ችግሩ ጭሱ ነበር። የጭስ ማውጫው አጭር ስለሆነ ጥላሸቱ እየወረደ በቅርቡ ኖራ የተቀባውን የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ያጠቁረዋል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ መፈክር ተጽፎበታል።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ወደ ግቢው መጣ። ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ አሁንም ቃላቱን እንደ ጨርቅ ለክቶ የሚቆርጥ ሰው ነው።

"ጋሼ፣ መፈክሩ ከመንገድ አይነበብም" አለ። "ጭስዎን ወይ ያጥፉት ወይ ያርቁት።"

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ዝም ማለት አልቻልኩም። እርሳስ አወጣሁና በደብተሬ ጀርባ ላይ ምድጃውን ሣልኩ። ቱቦው ሲረዝም የሞቀው አየር ወደ ላይ የሚስብበት ጉልበት እንደሚጨምር፣ እሳቱ አየር እንደሚያገኝና ንጹሕ እንደሚሆን፣ የተረፈውም ጥላሸት ከፍ ብሎ እንደሚበተን በቀስት እያመለከትኩ አስረዳሁ። ከምድጃው አናት በሰው ቁመት አንድ ተኩል የነበረው ቱቦ ሁለት ተኩል ይሁን አልኩ። ሊቀ መንበሩ ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ሥዕሉን አገላብጠው አዩት።

"እሳቱስ ይወደዋል?" አሉኝ።

"እሳት የሚወደውና የሚጠላው የለውም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ላሜራ ጠቅልሎ ቱቦውን ቀጠለው። ጭሱ እንዳልኩት ጠፋ። ነበልባሉ ነጣ። ኮራሁ። ወደ ቢቸና ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ጋሼ ጠርተው፣ "ጠዋት ጠዋት ስለኩሰው ትንሽ ያቃስታል" አሉኝ። የጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋበት የሚወጣውን ድምፅ አስታውሼ፣ "ነፋሱ የቱቦውን ጫፍ እየነካ ነው፤ ቆብ ያድርጉለት" ብዬ መለስኩ። ምድጃው ሲለኮስ ሄጄ አላዳመጥኩም። መጻሕፍቴን በየመጠናቸው እያሰርኩ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ሰኞ ቀን፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ጽሕፈቱ የእትዬ ነበር። እኔ ያስተማርኳቸው ትልልቅ ፊደሎች እየወጡና እየወረዱ ወረቀቱን ሞልተውታል። "ምድጃው ይጮሃል። ቆቡ አልረዳም። ጋሼህን ቅዳሜ ይጠይቋቸዋል። ና" ይላል።

የቀረውን ሾፌሩ ነገረኝ። ጋሼ ጎህ ሲቀድ እሳቱን በለኮሱ ቁጥር ምድጃው ከሩቅ እንደሚነፋ ጥሩምባ ይጮሃል። በእኛ አገር ሰው ለክፉ ነገር የሚጠራው በጥሩምባ ነው። አንድ የቀበሌው ጥበቃ ድምፁን ሰምቶ ጓደኞቹን ቀሰቀሰ፤ መሣሪያቸውን ይዘው ወጡ፤ ድምፁን እየተከተሉ ሄደው ዳቦ ቤቱን ከበቡት። በሦስተኛው ቀን ምድጃው ራሱን አንቀጥቅጦ ከቅስቱ አራት ጡብ ረገፈ። ሠልጣኞቹ ሁለት ቀን ዳቦ ሳያገኙ ዋሉ። የሚጮኸው ለማን ምልክት ለመስጠት ነው? ዳቦውስ የተቋረጠው ሆን ተብሎ አይደለም ወይ? የሚል ጥያቄ ተነሣ። ቀጥሎ አሻጥር የሚለው ቃል ተነገረ። የዚያን ጊዜ ሰው ይህ ቃል አንድ ጊዜ ከስሙ ጋር ከተጻፈ ወረቀቱ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ምድጃው ማስረጃ ነው ተብሎ ማንም እንዳይነካው ተከለከለ። ቅዳሜ ጋሼ አጥጋቢ መልስ ካልሰጡ ጉዳዩ ወደ አውራጃ ይተላለፋል።

"ቱቦውን ማን አስረዘመው ብለው አልጠየቋቸውም?" አልኩት።

"ጠይቀዋል። 'እኔ ነኝ ያስረዘምኩት፤ ቤቱ የኔ ነው' አሉ።"

ለርእሰ መምህሩ ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። በሩን ዘጋና፣ "አንተ አልተጠራህም" አለኝ። "ያልተጠራ ሰው ሲሄድ ለምን መጣህ ይባላል።" አመስግኜው ወጣሁ። ማታ ግን እትዬ የተማረ ሰው ነው ብለው "ና" ያሉኝን እያሰብኩ አደርኩ። ብሄድስ ምን እላለሁ? ቱቦውን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ ብል ለምን እንደጮኸ አላውቅም። ምክንያቱን ሳላውቅ ብናዘዝ ከአንድ ተጠያቂ ሁለት ተጠያቂ ማድረግ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ግራፍ ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ነፋስን ሰረዝኩት፤ ነፋስ ቢሆን እሳት ሳይኖርም ይጮህ ነበር፣ ቆቡም ያቆመው ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ በእሳቱና በቱቦው መካከል ነው። በቱቦ ውስጥ ያለ አየር እንደ ሞላ ሽቦ ነው፤ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፣ ደግሞ ይጨመቃል። ከሁለቱ ጫፎች በኩል እየገባና እየወጣ ይተነፍሳል ማለት ይቻላል። ቱቦው ሲረዝም ትንፋሹ ዘገምተኛ ይሆናል። የጋሼ ቱቦ እንደ ግምቴ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። እሳቱ ደግሞ አየር ሲመጣለት ይበረታል፣ አየር ሲያጥረው ይደክማል። ግን ወዲያው አይደለም። የሚንጠባጠበው ዘይት እስኪተን፣ ከአየሩ ጋር እስኪቀላቀል ጥቂት ይዘገያል።

ጥያቄው ያ መዘግየት የት ላይ ያደርሰዋል የሚል ነው። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሲወዛወዝ ከኋላ ሆነው ቢገፉት፣ ወደፊት መሄድ ሲጀምር ከገፉት ይጨምራል፤ ገና ወደ እርስዎ እየመጣ ሳለ ከገፉት ይቆማል። ጉልበትዎ ያው ነው፤ የተለየው ጊዜው ብቻ ነው። እሳቱም አየሩ በተጨመቀበት ቅጽበት ከበረታ ግፊቱን ይጨምርለታል፤ አየሩ በተለቀቀበት ቅጽበት ከበረታ ግፊቱን ይበላበታል።

በወረቀቱ ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ ግፊት፣ ሙቀት፣ ቀሪ። ከአንድ ተነሣሁና ሙቀቱ በሰዓቱ ሲደርስ በየዙሩ አንድ አሥረኛ እየጨመርኩ ወረድኩ። በሰባተኛው ዙር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። በሃምሳኛው ዙር፣ ማለትም ሰከንድ ሳይሞላ፣ ከመቶ እጥፍ በላይ ሆነ። በሌላ ወረቀት ላይ ሙቀቱን በግማሽ ትንፋሽ አዘገየሁትና እንደዚያው ወረድኩ፤ በሰባተኛው ዙር ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። እጄ ቆመ። አጭሩ ቱቦ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ የእሳቱ መዘግየት ከትንፋሹ ጋር አልገጠመም ነበር። እኔ ባስረዘምኩት ጊዜ ገጠመ። እርሳሴን አውጥቼ የሣልኩት ይህንን ነው።

ወረቀት ግን ቀበሌ ፊት አይቆምም። የሚሰማ ነገር ያስፈልጋል። ከትምህርት ቤቱ ግቢ የወዳደቀ የብረት ቧንቧ አገኘሁ፤ አራት ስንዝር ርዝመት አለው፣ ሦስት ጣት ያስገባል። የአሮጌ ሽቦ ወንፊት ቆርጬ፣ ጠርዙን አጠፍ አድርጌ፣ ከታች አንድ ስንዝር ላይ ወተፍኩት። ባለ ፓምፕ የላምባ ምድጃ ላይ ቀጥ አድርጌ ይዤ ወንፊቱ እስኪግል ጠበቅሁ። ከእሳቱ ላይ ብድግ ሳደርገው አንድ ሁለት ሰከንድ ዝም አለ፤ ከዚያ በእጄ ውስጥ መጮኽ ጀመረ። በሚቀጥለው ክፍል ያሉ ተማሪዎች ከነመምህራቸው ወጡ። እኔ ግን መፍትሔውንም ማሳየት ነበረብኝ። ግፊቱ የሚከማቸው ከክፍት ጫፎቹ ርቆ መካከል ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ቢበሳ መተንፈሻ ያገኛል ብዬ አሰብኩ። ቢቸና ያለ ብረት ሠሪ መካከሉ ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ በሳልኝ፤ የእንጨት ውታፍ አበጀሁላት። ውታፉ ሲገባ ቧንቧው ይጮሃል፣ ሲነቀል ዝም ይላል። ሐሙስ ማታ ርእሰ መምህሩን ፈቃድ ሳይሆን የይለፍ ወረቀት ለመንኩት። ፈረመልኝ፤ ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

ዓርብ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ወጣሁ። ቧንቧውን በጋቢ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አጋድሜዋለሁ። መንገድ ላይ ባለ አንድ ኬላ አንድ ጠባቂ ወደ ላይ አየና ዓይኑ ጋቢው ላይ ቀረ።

"የጠቀለልከው ምንድን ነው?"

"ቧንቧ ነው።"

"የምን ቧንቧ?"

"የሚጮኽ ቧንቧ" አልኩና ከአፌ እንደወጣ ተጸጸትኩ።

ወደ ጓደኛው ዞረ። "ይጮሃል ይላል። ሲጮኽ ሰው ይወድቃል ወይስ ቆሞ ይቀራል?"

ጓደኛው ከመኪናው አወረደኝ። ጋቢውን ፈታው። ቀዳዳዋን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ "ባሩዱ የሚለኮሰው በዚህች ነው?" አለ። ስለ ግፊት ማስረዳት ጀመርኩ። ባስረዳሁት ቁጥር ፊቱ ይጨልማል። በመጨረሻ የዱላውን ጫፍ ቧንቧው ውስጥ ሰደደና ወጋ ወጋ አደረገው።

"ውስጡ የሆነ ነገር አለ።"

"ወንፊት ነው።"

"ጠመንጃ በወንፊት" አለ የመጀመሪያው፣ እየሳቀ።

ከመኪናው ላይ አንዲት ሴትዮ፣ "ኧረ ልቀቁት፤ መምህር ነው። ክንዱን እዩት፣ ጠመኔ ነው" አሉ። እጅጌዬ እውነትም ነጭ ነበር። ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አንብበው ለቀቁኝ። ቧንቧውን መልሼ ስጠቀልል ውስጡን ላየው አልደፈርኩም። ብቻ ከዚያ ቦታ መራቅ ነበር የፈለግሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ጥያቄው የተካሄደው ማስረጃው ባለበት፣ ምድጃው ፊት ለፊት ነው። ሊቀ መንበሩና ሁለት የኮሚቴ አባላት ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ጋሼ አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው፤ ከጎናቸው መሣሪያ የያዘ ጥበቃ ቆሟል። ድምፁን መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው አሉኝ። የሰፈሩ ሰው አጥሩን ተደግፏል። እትዬ እኔን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ፈቃድ ጠይቄ ቆምኩ። "ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቱቦውን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ነበሩ፤ ሥዕሉን አይተዋል።"

አባላቱ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ። ይህን ማለቴ ስሕተት መሆኑን ወዲያው አወቅሁ።

"እኔ ያየሁት ሥዕል አይጮህም ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ቀጥል።"

ማስረዳት ጀመርኩ። ትንፋሹን፣ መዘግየቱን፣ ዥዋዥዌውን፣ ቧንቧው ውስጥ የወተፍኩትን ወንፊት። አንዱ አባል የጠረጴዛውን እንጨት በጥፍሩ ይልጥ ጀመር። "ንግግሩን ተወውና ብረቱን አሳየን" አለ ሊቀ መንበሩ። የእትዬን የላምባ ምድጃ ለኮስኩ። ፓምፑን መታሁ። ቧንቧውን በጨርቅ ይዤ እሳቱ ላይ ቀጥ አደረግሁት። በልቤ እስከ መቶ ቆጠርኩና ብድግ አደረግሁት።

ዝም።

ደግሜ እሳቱ ላይ አደረግሁት። እስከ ሁለት መቶ ቆጠርኩ። ጨርቁ መሽተት ጀመረ። ብድግ አደረግሁት። ከአጥሩ በኩል ሰው ሲያስል ይሰማል፤ ከቧንቧው ግን ምንም።

"መምህሩ እኔን ሲያስተምረኝ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም" አሉ እትዬ ለጎረቤታቸው። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም።

"ጓድ መምህር" አለ፣ "ይህ ብረት ዝም ይላል፤ የእሳቸው ምድጃ ግን ይጮሃል። እንግዲህ ምድጃው በራሱ አይጮህም ማለት ነው። የሚያስጮኸው ሰው አለ።" ብዕሩን አነሣ።

ሁለት ቀን ሙሉ የጮኸ ቧንቧ ነው። ለማዳን የመጣሁት ሰው ላይ በእጄ ማስረጃ ጨምሬባቸዋለሁ።

ጋሼ ከተቀመጡበት፣ "አንድ ነገር ልጠይቀው?" አሉ።

"ጠያቂው እኔ ነኝ" አለ ሊቀ መንበሩ።

"እንግዲያው እርስዎ ይጠይቁልኝ። ወንፊቱ ያለው ከቧንቧው የቱ ጋ ነው?"

ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አየር ላይ እንደያዘ ወደኔ ዞረ። "የቱ ጋ ነው?"

"ከታች አንድ ስንዝር ላይ" አልኩ።

"ለክተኸዋል?" አሉ ጋሼ፣ አሁን በቀጥታ።

"ሐሙስ ለክቼዋለሁ።"

"ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ልጄ" አሉ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረው በእርጋታ ተናገሩ። "ምድጃው የጮኸብኝ ጊዜ የሚነድበትን ሰሃን በጡብ ከፍ ሳደርገው ድምፁ ይደክም ነበር። ዝቅ ሳደርገው ይብሳል። እሳቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነገር አለው። ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም።"

ማንም ከተባሉት የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ። ስለ እሳታቸው ስንት ነገር ስነግራቸው ስለ እሳታቸው አንድ ነገር አልጠየቅኋቸውም።

ከአጥሩ ሸምበቆ ሰብሬ ከታች በኩል ሰደድኩ። ወንፊቱን ሲነካ ሸምበቆውን በቧንቧው ጫፍ ልክ በጣቴ ይዤ አወጣሁትና በስንዝር ለካሁት። ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት። የኬላው ዱላ ከመካከል አሳልፎ ወደ ላይ ገፍቶታል። ከመካከል በላይ ያለ ሙቀት ደግሞ የሚደርሰው አየሩ በተለቀቀበት ጊዜ ነው፤ ድምፁን ያፍናል እንጂ አያስነሣም። ጋሼ ይህን ያወቁት የቧንቧውን ውስጥ ሳያዩ፣ ከምድጃቸው ብቻ ነው።

"ዱላ ገፍቶት ነው" አልኩ። "አንድ ጊዜ ይፍቀዱልኝ።"

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየ። "አንድ ጊዜ" አለ። "ሁለት የለም።"

ቧንቧው ግሏል። እትዬ ውሃ አፈሰሱበት፤ እንፋሎቱ እየተንሿሿ ወጣ። ጋሼ ፈቃድ ሳይጠይቁ ተነሡና ከምድጃው አጠገብ የተሰቀለውን የዳቦ መጎተቻ ቆልማማ ብረት አወረዱ። ጥበቃው እጁን ዘረጋ፤ ሊቀ መንበሩ ተወው እንደማለት ጣቱን አነሣ። ጋሼ ወንፊቱን ጠለፉና ሳብ፣ ሳብ አድርገው ወደ ታች አመጡት። እኔ በሸምበቆው ለካሁ። አንድ ስንዝር። ደግሜ ለካሁ።

ሦስተኛ ጊዜ እሳቱ ላይ አደረግሁት። አልቆጠርኩም። ከታች አጎንብሼ ወንፊቱ እንደ ፍም ሲቀላ አየሁና ቀስ ብዬ ብድግ አደረግሁት። አንድ። ሁለት። መጀመሪያ መዳፌ ላይ ተሰማኝ፣ ቀጥሎ ጆሮዬ ላይ። ቧንቧው አጉረመረመ፣ ጎላ፣ ከዚያ ግቢውን በሙሉ ያዘው። አጥሩን የተደገፉት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የእትዬ የቡና ሲኒዎች ከውስጥ ቤት ሲንቀጫቀጩ ተሰማ። ጥበቃው መሣሪያውን ጨበጠ፤ ከዚያ እጁን አላላው።

"ይኸው ነው" አለ። "እኔ የሰማሁት ይኸው ነው። ይሄ ቀጭን ነው፣ ያ ወፍራም ነበር፤ ግን ይኸው ነው።"

ውታፉን ነቀልኩ። ድምፁ ተቆረጠ። መለስኩት። ተመልሶ መጣ። ነቀልኩት። ዝም። ጣቴ ተቃጥሎ ነበር፤ የታወቀኝ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ፣ "ቆርቆሮ ሠሪውን ጥሩት" አለ። "የምድጃው ቱቦ መካከሉ ላይ ይበሳ። ዛሬውኑ ይለኮስ። ዝም ካለ ነገሩ እዚህ ያበቃል። ከጮኸ ሁለታችሁም ወደ አውራጃ ትሄዳላችሁ።"

"ጭሱ በቀዳዳው ቢወጣና መፈክሩን ቢያጠቁርስ?" አለ አንዱ አባል።

"ጭስ አይወጣም፤ ቱቦው እየሳበ ስለሆነ አየር ወደ ውስጥ ይገባል" አልኩና ከዚያ በላይ ከማስረዳት ራሴን ገታሁ።

ቆርቆሮ ሠሪው መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። የቱቦው መካከል ከጣሪያው አንድ ክንድ ከፍ ይላል። በገመድ ለክቼ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፤ እሱ በመሮ በሳው። "ስሠራው ፍሳሽ እንዳይኖረው ስንት ለፋሁ" እያለ ያጉረመርማል፣ "አሁን ብሳው ይሉኛል።" ጋሼ የረገፉትን ጡቦች ለጊዜው በጭቃ መለሷቸው። አሥር ሰዓት ገደማ ዘይቱ ጠብ ማለት ጀመረ።

መጀመሪያ ዝም አለ። ሰሃኑ እየጋለ፣ ነበልባሉ እየነጣ ሲመጣ ከቱቦው ሥር ያ ማቃሰት ተሰማ። ቀጭን ነው፤ ግን አለ። ጥበቃው ወደ ጋሼ አንድ እርምጃ ቀረበ። ጋሼ እሳቱን አላዩም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። ግፊቱ መተንፈሻ አግኝቷል፣ ግን አልበቃውም። ቧንቧው ላይ ቀዳዳዬ ጣት ታስገባ ነበር፤ ቧንቧው ደግሞ ሦስት ጣት ነው። ቆርቆሮ ሠሪው የበሳውም ያንኑ አንድ ጣት ነው፤ ቱቦው ግን ጭንቅላት ያስገባል። ለጭንቅላት የአንድ ጣት ቀዳዳ።

"አስፋው" ብዬ ወደ ላይ ጮኽኩ። "መዳፍ እስኪያስገባ አስፋው።"

"እየጋለ ነው እኮ" አለ ከጣሪያው።

"አስፋው።"

መቀሱን አስገብቶ እየተሳደበ ቆረጠ። ላሜራው በተቀደደ ቁጥር ማቃሰቱ እየቀጠነ ሄደ። አንድ ጊዜ ተነሣ፣ ወደቀ፣ ደግሞ ተነሣ። ከዚያ አልተነሣም። የቀረው ተራ የእሳት ድምፅ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆመን አዳመጥን። ጋሼ ራሳቸው ሰሃኑን ዝቅ አደረጉት፣ ድምፁ የሚብስበት ቦታ ላይ። አልጮኸም።

ሊቀ መንበሩ ቃለ ጉባኤውን እዚያው ጻፈና አነበበልን። "ምድጃው ድምፅ አቁሟል። ምክንያቱን መምህሩ አስረድቷል። ዳግመኛ ቢጮህ ተጠያቂው መምህሩ ነው።" አስፈረመኝ። ሲነሣ ጥበቃውን፣ "ና እንሂድ" አለው። ከጋሼ ጎን ማንም ሳይኖር ሲቀር አግዳሚው ወንበር ረጅም መስሎ ታየኝ።

ጋሼ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ክሳቸውም ስለ መለቀቃቸውም አላነሡም። "ቀዳዳው ሲሰፋ ድምፁ ቀጠነ እንጂ ባንዴ አልጠፋም" አሉ። "ለምን?" ደብተሬን አወጣሁ። ግን ከመሣሌ በፊት፣ "እርስዎ ምን ይመስልዎታል?" አልኳቸው። እስኪመሽ ድረስ እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ሰኞ የሚሊሺያዎቹ ዳቦ ወጣ። ቢቸና ተመልሼ ለብዙ ሳምንት ከሞጣ የሚመጣ መኪና ሲቆም ልቤ ይደነግጥ ነበር፤ ምድጃው ግን ሁለተኛ አልጮኸም።

አሁን እርስዎ ይሞክሩት ብዬ እለምንዎታለሁ። አራት ስንዝር የብረት ቧንቧና ከአሮጌ ወንፊት የተቆረጠ ሽቦ ይበቃል። ወንፊቱን ከታች አንድ ስንዝር ላይ ይወትፉ፣ ቧንቧውን በወፍራም ጨርቅ ይያዙ፣ ደጅ ሆነው ያግሉትና ከእሳቱ ላይ ብድግ ያድርጉት። እየጮኸ ሳለ ደግሞ ቀስ ብለው ወደ ጎን ያጋድሙት፤ ዝም ይላል። ቀና ሲያደርጉት እንደገና ይጀምራል። ለምን እንደሆነ አልነግርዎትም። መጀመሪያ የሚመስልዎትን ይጻፉ፣ ከዚያ ይሞክሩት።